ወለተ ማን?

ለአሥራ ሰባት ዓመት ለአንድ ሰው በስሙ ጸልያለሁ። በየማለዳው፣ ስፌት መኪናዬ ላይ ሳልቀመጥ፣ ከቤተሰቤ ስም ቀጥዬ የእሱን እጠራ ነበር። አይቼው አላውቅም። ስሙን ያገኘሁት ልጃችንን ከሕፃናት ማሳደጊያው ስንረከብ ከተሰጠን ደብዳቤ ላይ ነው። ደብዳቤው ላይ የልጄ ስም አለ። ከእሷ ቀጥሎ የአባቷ፣ ከአባቷ ቀጥሎ የአያቷ። የእናት ስም የለም።

ስሙን እንዳንቀይረው ያለው ባለቤቴ ነው። የማሳደጊያው ሠራተኛ፣ “ወደ እርስዎ ስም ማዞር ይችላሉ፤ ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትገባ እንዳትቸገር” ብላው ነበር። እሱ ግን፣ “የሰው አባት አንሰርቅም። ሰውየው አንድ ቀን ቢፈልጋት በምን ያገኛታል?” አለ። አሥር ዓመት ጠብቀን ያገኘናት ልጅ ናት። በራሱ ስም ብትጠራ ምን ያህል ደስ ይለው እንደነበር አውቃለሁ። አላደረገውም። ልጃችን ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ጌታ ወሰደው። ስለ እሱ ዛሬም አመሰግናለሁ።

ስለዚህ ልጄ እንዳልወለድናት ከልጅነቷ ታውቃለች። ደብቀናት አናውቅም። እኔ የደበቅኳት ሌላ ነገር ነው።

የምንኖረው መካኒሳ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ሥራው አይበዛም፣ አይጠፋም፤ ተመስገን። ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከገባች በኋላ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን አልጋው ላይ ወረወረችና፣ “ማሚ፣ ዛሬ ክፍል ውስጥ ሰባት ቤት ስንቆጥር ነበር” አለችኝ። መምህሩ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ በየአገሩ ትውልድ ወደ ኋላ እንደሚቆጠር አስተምሯቸው፣ ተማሪዎቹ ተራ በተራ እየተነሡ ቆጥረዋል። አምስት የደረሰ አለ። አንዷ ዘጠኝ ደርሳ ተጨብጭቦላታል።

“አንቺስ?” አልኳት።

“ሁለት። አባቴ፣ አያቴ። ከኋላ አንዱ ‘ከዛስ? አዳም?’ አለ። ክፍሉ በሳቅ ሞተ።”

“አንቺ ምን አልሽ?”

“እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ?”

እራት ላይ ግን አልበላችም። እንጀራውን እየቆረሰች እዚያው ትተወዋለች።

“በእናቴ በኩል ደሞ ዜሮ ነኝ” አለች። “አንድ ስም እንኳን። ማሚ፣ አባቴን ልፈልገው። እናቴ ማን እንደሆነች የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ ስሟን ብቻ ይንገረኝ።”

“ለዚህ ቀን ነው አባትሽ ስሙን ያስቀረልሽ” አልኳት። የእኔን ባለቤት ማለቴ ነበር። ገብቷታል።

ደብዳቤው ላይ ያለው ማህተም የቀበሌ ነው። ቀበሌው አሁን ወረዳ ሆኗል። ሄድን። አንደኛው መስኮት ወደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ላከን። በሦስተኛው፣ “የድሮ ፋይል ተጭኖ ሄዷል” አሉን። ልንወጣ ስንል ጥግ ላይ ሻይ የምትጠጣ፣ በመሥሪያ ቤቱ የቆየች ሠራተኛ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችና ሳቀች።

“ይኼማ የድሮው ዘበኛችን ናቸው! አሁን ላፍቶ ወተት ይሸጣሉ። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባለ ላሞቹ በሉ፤ ሕፃን ልጅ ያሳያችኋል።”

ልጄ ክንዴን ጨበጠችው። ጥፍሯ ገብቶ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ፀጉሯን ታጥባ፣ ቀሚሷን ሁለት ጊዜ ተኮሰች። አንድ ኪሎ ሙዝ ገዛን። ታክሲ ውስጥ የስልኳን መስታወት ደጋግማ ታያለች።

“ማሚ፣ አፍንጫዬ የሱ ቢሆንስ?”

“ቢሆንስ?”

“ትልቅ ነዋ! ተጠያቂው ይታወቅ።”

የሳቀችውን ሳቅ አልረሳውም። በመስኮት በኩል ዞሬ አመሰገንኩ። አሥራ ሰባት ዓመት የጠራሁት ስም ሰው ሆኖ ሊቆምልን ነው አልኩ።

ኮንዶሚኒየሙን አልፈን የቆርቆሮ አጥር አገኘን። ከአጥሩ ውስጥ ሁለት ላሞች፣ ትንሽ የጎመን መደብ፣ አንድ የጭድ ክምር። የቀረው መሬት ሁሉ ፎቅ ሆኗል። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው የወተት ጀሪካን ያጥባሉ።

“ወተት አልቋል!” አሉን ገና በሩ ላይ ስንታይ። “ነገ በጠዋት ኑ።”

“ለወተት አይደለም፣ አባባ” አልኩ።

“ለፍግ ከሆነ በነፃ ነው፤ የማዳበሪያ ከረጢት ይዛችሁ ግቡ።”

ልጄ ስማቸውን ከነአባታቸው ጠርታ፣ “እርስዎ ነዎት?” አለቻቸው።

“ነኝ። ምን አጠፋሁ?”

ደብዳቤውን ዘረጋችላቸው። እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው ተቀበሉና አርቀው ያዙት። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ አነበቡ። ቀና ብለው እሷን አዩ፤ እንደገና ወረቀቱን አዩ።

“ካርቶኗ!” አሉ። “የፓስታ ካርቶኗ! አንቺ ነሽ እንዴ?”

ልጄ ፊታቸውን ትመረምራለች። አፍንጫቸውን እንደምታይ አውቃለሁ። ቀጭን አፍንጫ ነው።

“አባቴ እርስዎ ነዎት?” አለች።

ሽማግሌው ጀሪካኑን አስቀመጡ። ጆንያ አምጥተው ድንጋይ ላይ አነጠፉልን። እሳቸው አልተቀመጡም።

“አባትሽ አይደለሁም፣ ኢንታላ ኮ” አሉ። በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። “እኔ ያገኘሁሽ ነኝ። ተረኛ ነበርኩ፤ ሊነጋ ሲል ከቀበሌው በር ላይ ካርቶን አየሁ። ድመት መስሎኝ በእግሬ ልገፋው ነበር። አለቀስሽ። ታቅፌ ፖሊስ ጣቢያ ወሰድኩሽ። ፖሊሱ መዝገብ ከፈተና ‘የአባት ስም’ አለኝ። ‘እኔ ምን አውቄ’ አልኩት። ‘ባዶ አይተውም፤ ያለ አባት ስም አይመዘገብም’ አለኝ። ብርድ ነው፤ አንቺ ታለቅሻለሽ። ‘እንግዲያው የኔን ጻፍ’ አልኩ። ‘የአያት ስም’ ሲለኝ የአባቴን ሰጠሁት። ስም ሲሰጡት አያልቅም ብዬ። ቀበሌውም ያንኑ ገልብጦ ማህተም መታበት።”

ልጄ ደብዳቤውን ከእጃቸው ተቀብላ አጠፈችው።

“ቤት ገብቼ ለሚስቴ ብነግራት ሦስት ቀን አኮረፈችኝ፤ ‘ከየት ወልደህ ነው ስምህን የሰጠኸው?’ ብላ። ነፍሷን ይማረውና እስክትሞት ስታሾፍብኝ ነበር፤ የካርቶን አባት እያለች።”

ሊያስቋት ፈልገው ነበር። አልሳቀችም። “እኔ ሰባት ቤት የምቆጥርበት ስም ፈልጌ ነው የመጣሁት” አለቻቸው። እሳቸውም ገባቸው መሰለኝ ድምፃቸው ወረደ።

“ሰባት ቤት ከሆነ የቸገረሽ የኔን ልቁጠርልሽ። በስሜ ተጠርተሽ አድገሻል፤ ምን ይጎዳል?” አሉና ቆጠሩ። ከአባታቸው አባት ተነሥተው ይቺን መሬት መጀመሪያ እስካረሰው ሰው ድረስ ሳይተነፍሱ ቆጠሩ። ከሰባት አለፉ።

“አመሰግናለሁ፣ አባባ” አለች ልጄ። “ግን የእርስዎ ነው።”

“እሱስ የኔ ነው” አሉ ሽማግሌው።

ሙዙን ሰጥተናቸው ተነሣን። እኔ በሆዴ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ለአንድ ዘበኛ ስጸልይ ነበር እያልኩ ነበር። ቢሆንም ጸሎቱ አልባከነም፤ ልጄን ከብርድ ያወጡ ሰው ናቸው አልኩ። እንደዚያ እያሰብኩ በሩ ላይ ስንደርስ ከኋላ ጠሩን።

“ክታቡስ? አንገቷ ላይ የነበረውስ?”

ልጄ ዞረች። “የምን ክታብ?”

“በቆዳ የተሰፋ፣ ሰማያዊ ክር ያለው። የእናትሽ ነው እንጂ፤ ለሕፃን እንዲህ ያለ ትልቅ አያስሩም። ከራሷ ፈትታ ነው ያሰረችልሽ። እኔ አልከፈትኩትም፤ ክታብ አይፈታም። ስሟ እኮ እዚያ ውስጥ ነው! ደብተራ ክታብ ሲጽፍ የባለቤቱን የክርስትና ስም በቀይ ቀለም ሳያስገባ አይሰፋውም። እዚህ አካባቢ የሚጽፉት ደግሞ ሁለት ሦስት ነበሩ። ይዛችሁ ብትዞሩ የእጁን ጽሕፈት የሚያውቅ፣ ‘ለእገሊት የጻፍኩት ነው’ የሚል አይጠፋም ነበር። ከልጅቷ ጋር አልሰጧችሁም?”

እኔን ነው የጠየቁት።

“አላስታውስም” አልኩ። “ሳይጠፋ አይቀርም።”

በሕይወቴ ዋሽቼ አላውቅም አልልም። እንደዚያች ዓይነት ውሸት ግን ዋሽቼ አላውቅም።

የሆነው እንዲህ ነው። ልጃችንን ስንረከብ የማሳደጊያው ሞግዚት ክታቡን በወረቀት ጠቅልላ በእጄ አስያዘችኝ። “አንገቷ ላይ የነበረ ነው፤ አስቀምጡላት” አለችኝ። እኔ ከሆሳዕና ነኝ። አባቴ ጌታን ሲቀበል በአጥንትና በጨሌ የተሞላ ጆንያ ከቤታችን ወጥቶ ደጃፋችን ላይ ሲቃጠል አይቻለሁ። መንደሩ ተሰብስቦ ዘመረ። ከዚያ ቀን በኋላ ቤታችን ውስጥ ፍርሃት አልነበረም። ክታብን እንደዚያው ነበር የማውቀው።

ልጄ እኛ ጋ በመጣች በሦስተኛው ቀን ሆዷን አሟት ሳታቋርጥ አለቀሰች። አብራኝ የምትጸልይ እህት መጣች። ጸለየች፤ አልቆመም። “ቤት ውስጥ ምን አለ?” አለችኝ። ከሳጥኑ አውጥቼ አሳየኋት። አልቀማችኝም። እኔ ነኝ ከሰሉን ያቀጣጠልኩት።

ቆዳው ቶሎ አልያዘም። ላምባ ጠብ አደረግንበት። ልብስ ሰፊ ነኝና ስፌቱን አየሁ፤ ጥሩ ስፌት ነበር። ክሩ ግን የደብተራ አልነበረም፤ ሴት በእጇ ያከረረችው፣ የላላ፣ የሰው አንገት ላብ የጠጣ ክር ነው። ስፌቱ ሲለቅ ብራናው በእሳቱ ላይ ራሱን ፈታ። ጥቁርና ቀይ ፊደል ነበር። ከቀዩ “ወለተ” የሚለውን አነበብኩ። “በኢየሱስ ስም!” አለች የጸሎት እህቴ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው አመድ ነው።

ልጄም ዝም አለች፤ ተኛች። ሆዷ ቀለል ብሏት ይሆናል። እኛ ዘመርን።

ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ ግቢው ገና የተቃጠለ ቆዳ ይሸት ነበር። ነገርኩት። ኮቱን ሳያወልቅ ቆሞ፣ “የሷ ነበር እኮ” አለ። ሌላ አልጨመረም። እስኪሞት ድረስም አላነሣብኝም።

ከላፍቶ ስንመለስ ልጄ ታክሲ ውስጥ አንዴም መስታወት አላየችም። “ቤት አለ” ትላለች። “አንቺ ምንም ነገር አትጥይም። ይኖራል።” ዘበኛው አባቷ አለመሆናቸውን ከነመፈጠሩ ረስታዋለች። ያ አፍንጫ፣ ያ ሁሉ፣ በዚያች ክታብ ተተክቷል።

ሦስት ቀን ፈለገች። ሳጥኑን ገለበጠች። የባለቤቴን ኮቶች ኪስ በኪስ ፈተሸች። ፍራሹን አነሣች። የክርና የቁልፍ ቆርቆሮዎቼን አልጋው ላይ ደፍታ አንድ በአንድ ለየች። እኔ ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጬ እሰፋለሁ። መርፌው ይሄዳል፤ አንድ ሙሉ ቀን የሰፋሁትን ኮሌታ በማግስቱ ፈታሁት። ገልብጬ ነበር የሰፋሁት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ መሬት ላይ በቁልፍ መካከል ተቀምጣ፣ “ማሚ፣ እስቲ አስቢ” አለችኝ። “ያኔ ማን ቤት ይመጣ ነበር? ሰው ወስዶት ይሆን?”

ሌላ ሰው ልትጠረጥር እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ያን መሸከም አልቻልኩም።

“አቃጠልኩት” አልኩ።

“ምን?”

“ክታቡን። በመጣሽ በሦስተኛው ቀን። ታመሽብኝ ነበር።”

በእጇ የነበረውን ቁልፍ መሬት ላይ አስቀመጠች።

“ከፍተሽ አንብበሽዋል?”

“አልከፈትኩም። እሳቱ ላይ ‘ወለተ’ የሚል አየሁ።”

“ወለተ ማን?”

“አላየሁም።”

“ማሚ። ወለተ ማን?”

“ዓይኔን ጨፈንኩ።”

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። መጮህ ይገባት ነበር። “ሰይጣን መስሎሽ ነው?” አለችኝ፣ ሕፃን እንደምትጠይቅ። “አዎ” አልኩ። “ስሟ ነበር እኮ” አለች። ከዚያ ቁልፎቹን ወደ ቆርቆሮው መመለስ ጀመረች፤ ትልቁን ከትልቁ፣ ትንሹን ከትንሹ እየለየች። ስትጨርስ ክዳኑን ገጥማ በቦታው አስቀመጠችልኝ።

ይቅርታ ጠየቅኳት። “እሺ” አለች። ሰባት ዓመቷ ሳለ እንዳልወለድናት ስንነግራት ያለችው “እሺ” ነበር። ያኔ ወደ ጨዋታዋ ሄደች። አሁን የምትሄድበት አልነበረም።

ለእግዚአብሔርም ነገርኩት። ከኃጢአት ሁሉ ያነጻል፤ አምናለሁ። አመድን ግን ብራና አድርጎ አልመለሰልኝም፤ እንዲመልስልኝም ለመጠየቅ አፈርኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ “ነገ ሃያ አንድ ነው” አለችኝ። የማርያም ቀን ማለቷ ነው። “ሀና ማርያም ልሂድ። ሴቶቹን ልይ።”

“ልጄ፣ በምን ታውቂያታለሽ?”

“አላውቃትም። ልይ ብቻ።”

“አብሬሽ ልምጣ?”

ትከሻዋን ነቀነቀች። ተከተልኳት። ከአጥሩ ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። በዚያ በር ስንት ዓመት በታክሲ አልፌያለሁ፤ ቁሜ አላውቅም። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ መውጣት ሲጀምር ልጄ ተነሣችና በሩ አጠገብ ቆመች። ነጠላ የለበሱ ሴቶች እየተሳለሙ ይወጣሉ። የእያንዳንዷን ፊት ታያለች። አፍንጫቸውን ታያለች።

አንዲት አሮጊት ልጄ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆማ አይተው ቀረቧት። “ምን ጠፋብሽ፣ የኔ ቆንጆ?”

“እማማ፣ ወለተ ማለት ምን ማለት ነው?”

“ሴት ልጅ ማለት ነው። የእገሌ ልጅ። የክርስትና ስም አይደል? ወለተ ይሉና ከኋላው የጻድቁን ስም ያስከትላሉ።”

“ከኋላው ያለው ካልታወቀስ?”

አሮጊቷ ሳቁ። “እሱማ ምን ይፈይዳል! እኔም ወለተ ነኝ። ያቻትም ወለተ፣ ይቺም ወለተ። እዚህ ካለው ሴት ግማሹ ወለተ ነው። ማንን ፈልገሽ ነው?”

ልጄ ወደ እኔ ዞረች።

“እናቷን ነው” አልኳቸው።

“አንቺ አይደለሽም እንዴ?”

“እኔም ነኝ” አልኩ።

አሮጊቷ ሁለታችንንም አዩን። ከንፈራቸውን መጥጠው፣ “እመብርሃን ትርዳሽ” ብለዋት ሄዱ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ያለውን ምርቃት በልቤ እመልሰው ነበር። ያን ቀን ግን ተቀበልኩት።

የመጨረሻዋ ሴት እስክትወጣ ጠበቅን። ለማኞቹ ጨርቃቸውን አጣጠፉ። የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ትልቁን በር ገፋ፤ ትንሿ ቀረች። ያኔ ልጄ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

“እንሂድ፣ ማሚ” አለች። “ሁሉም ወለተ ናቸው።”

ታክሲ ውስጥ ራሷን ትከሻዬ ላይ አደረገች። ይገባኛል ብዬ አይደለም፤ ደክሟት ነው። አመሰገንኩ።

ከዚያ ወዲህ ሰባት ቤት የሚል ነገር አንሥታ አታውቅም። የትምህርት ቤት ቅጽ ስትሞላ የእናት ስም በሚለው ላይ የእኔን ትጽፋለች፤ ሳታመነታ ትጽፋለች፤ ቀና ብላ ግን አታየኝም። ላፍቶ አንድ ሁለት ጊዜ ወተት ልትገዛ ሄዳለች። ሽማግሌው ሂሳብ አይቀበሏትም።

እኔም በየማለዳው እጸልያለሁ። ለዘበኛው በስማቸው እጸልያለሁ። ቀጥዬ ለእሷ፣ ከአንገቷ ፈትታ ለልጄ ላሰረችላት ሴት፣ “ወለተ” እልና አፌ እዚያ ላይ ይቆማል። የቀረውን ጌታ ያውቀዋል። ልጄ አታውቀውም። የማታውቀውም እኔ ዓይኔን ስለጨፈንኩ ነው።